ምስር ወጡን ማን ሠራው?

ነፃ ነገር እወዳለሁ። እናንተም ትወዳላችሁ፤ አንካካድ። በተለይ እንደ እኔ ባሕር ማዶ፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የሚያስተምር ሰው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የሚገኝ የማስተማሪያ ዘዴ ባየ ቁጥር ሎተሪ የወጣለት ይመስለዋል። ያልሞከርኩት የለም። አብዛኞቹ ግን ለልጆቹ ምንም አልፈየዱም፤ ለእኔ ዘመናዊ መምሰያ ሆኑ እንጂ።

አንዱ ብቻ ሠራ። ብዙ ሰው ካለበት ሆኖ ባንድ ጊዜ የሚጽፍበት የጋራ ገጽ ነው። ልጆቹ ለወላጆቻቸው በአማርኛ ጥያቄ እንዲጽፉ፣ ወላጆችም እንዲመልሱ ብዬ ሊንኩን ለሁሉም ሼር አደረግኩ፤ ገጹንም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቅኩት።

ሊያ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ አለችኝ። በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ስለምናት ቆይቼ፣ «አባዬ ትናንት ምን በላህ?» ብላ ጻፈች።

አባቷ አቶ ግርማ እዚሁ ከተማችን ሶዶ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠሩት። ዕረፍት ላይ ነበሩ መሰለኝ ወዲያው መለሱ፤ ልጃቸው ለብቻቸው የላከችላቸው መልእክት መስሏቸው።

«የእናትሽን ምስር ወጥ። ጨው በዝቶበታል። እንዳትነግሪያት።»

ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ አነበበው። «እን-ዳት-ነግ-ሪ-ያት!» እንደዚያ ጥርት ያለ ንባብ ከነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ገጹ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የየራሱን ቀለም ይሰጣል፤ ይኼኔ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጸሐፊዋ ጎረቤት ከተማ ሊንውድ አረጋውያንን የሚንከባከቡት እናቷ ወይዘሮ ፀሐይ ናቸው።

«ግርማ፣ ምስሩን የሠራኸው አንተ ነህ።»

ሳቁ አዳራሹን አናወጠው። አቶ ግርማም፣ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ለስንት ሰው ነው የሚታየው?» ብለው ጻፉ።

ሊያ ግን አልሳቀችም። የሹራቧን ኮፍያ ፊቷ ላይ ጎትታ፣ «አይ ዋንት ቱ ጎ ሆም» አለች። ሳቄ ከንፈሬ ላይ ደረቀ። ሰው ፊት አዋረድኳት፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለወላጆቿ ኮል ላድርግ እልና ተመልሼ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ግን አባትና ልጅ አብረው መጡ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ አቶ ግርማ ሳቁብኝ።

«ቲቸር፣ እኔና ፀሐይ እኮ በሺፍት ምክንያት በር ላይ ነው የምንተላለፈው። እንዲህ ከተጨቃጨቅን ስንት ጊዜያችን!»

ገጹን ከፈትኩት። ጉድ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለሱበት ከርመዋል። ሊያም በአማርኛ ገብታ ለእናቷ ትፈርዳለች።

«ሶ፣ ለእናንተ ለብቻ ሌላ ገጽ ልክፈትላችሁ፤ እሱም ነፃ ነው» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኧረ እዚሁ ይሁን። ሰው ሲያይ ፀሐይ ትንሽ ትራራልኛለች» አሉኝ።

ዞር ስል ሊያ ያሉትን ቃል በቃል ገጹ ላይ እየጻፈች ነው። አንድ ፊደል አልሳተችም።