አማቴና የስድስት ወር ውሌ

ቋሚ ሥራ የሚባለውን ነገር የፈጠረው መንግሥት አይደለም፤ አማት ነው። አትሳቁ! ሴት ልጅ ያለው አባት ባይኖር ኖሮ «ጡረታ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነበር? ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ስለ ጡረታ ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ በበኩሌ አልተጨነቅሁም። ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ አሰብ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ኮምፒዩተር ተምሬ ስመለስ አንድ የወደብ መሥሪያ ቤት ሁለት ሥራ አቀረበልኝ። አንደኛው መዝገብ ቤት፤ ቋሚ፣ ከነጡረታው። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ክፍል፤ ጊዜያዊ፣ የስድስት ወር ውል። እስከ ዓርብ ወስን ተባልሁ።

መዝገብ ቤቱን ሄጄ አየሁት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፋይል የሚያገላብጡት ሰውዬ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመዋል፤ ያም ሆኖ ላባቸው ደብዳቤው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ የኮምፒዩተሩን ክፍል በር ከፈትሁ... እናንተዬ፣ ደብረ ብርሃን! ቁም ሣጥን የምታክለው ማሽን ሙቀት ስለማትችል ክፍሏ ሌት ተቀን ይቀዘቅዛል። ሠራተኞቹ ሹራብ ለብሰዋል። አሰብ ውስጥ ሹራብ! ለሰው ሁሉ «ለሙያው ካለኝ ፍቅር ነው» እያልሁ አወራሁ፤ እውነትም ፍቅሩ በኋላ መጣ። የዚያን ዕለት ግን የፈረምሁት ለብርዱ ነው።

ጣጣው የመጣው በአስቴር በኩል ነው። እኔና እሷ ለመጋባት ተስማምተናል፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። መምህር ታፈሰ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ፈቀቅ ያላሉ ሰው ናቸው። ጊዜያዊ መፈረሜን ሲሰሙ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው ተረቱብኝ አሉ። አስቴር ደግሞ አባቷ ሳይመርቋት ከቤት እንደማትወጣ ቁርጡን ነገረችኝ። ደነገጥሁ። ወደ መዝገብ ቤቱ እንዳልመለስ ቦታው በማግስቱ ሰው ተቀጥሮበታል።

ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የአሰብ አዲስ አበባን መንገድ ባለተሳቢ መኪና እየነዱ ያረጁ ሾፌር። ሁለተኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው። ለምን መረጥሃቸው አትሉኝም? ሊቀ መንበርን «እምቢ» የሚል ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁማ! የሆነውን ሁሉ የነገሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው።

መምህሩ መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። ጋሽ ወርቁ ኮምፒዩተር ማለት የሰውን ሥራ የሚሠራ ማሽን ነው ብለው አስረዱ።

«ታዲያ ልጁ ምን ይሠራል?» አሏቸው።

ጋሽ ወርቁ መልስ አጡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብጠየቅ ኖሮ አጣ ነበር።

ቀጥሎ የቅጥር ደብዳቤዬ ቀረበ። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ጊዜያዊ» የምትለዋ ቃል ላይ ጣታቸውን ተከሉ።

«እኔ ጊዜያዊ የተባለ ነገር አላምንም» አሉ። «ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።»

ጋሽ ወርቁ ደብዳቤውን ተቀበሉና ከአናቱ ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ገቡ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ደብዳቤ አናቱ ላይ ምን ይል እንደነበር የደረሳችሁበት ታስታውሳላችሁ፤ «የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ይል ነበር። ጋሽ ወርቁ እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«መምህር፣ አላምንም ያሉት የታችኛውን ጊዜያዊ ነው የላይኛውን?»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህሩ ሊቀ መንበሩን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ።

«ልጅቷ ከወደደችው... እኔ ምን አግዳለሁ» አሉ።

ይህን ስሰማ በደስታ ጨፈርሁ። በማግስቱ ግን መምህሩ አስጠሩኝና በር ላይ ብቻችንን ቆምን። ሌሊቱን እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል።

«ስማ ልጄ፣ ትናንት እሺ ያልሁት ፈርቼ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስለ እሷ ያለኝ ፍርሃት ግን ይብሳል። ውልህ ያለቀ ዕለት ልጄን ይዘህ እንዳትንከራተት። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፤ ለጊዜው ትገባላችሁ።»

አፈርሁ። ስስቅባቸው የሰነበትሁት ሰው ለካ የሚያስቡት ለእኔም ጭምር ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

ውሉ በስድስተኛው ወር አለቀ። ማሽኗም ለጥገና ተብላ አዲስ አበባ ሄዳ በዚያው ቀረች። እኛም ዕቃችንን ሸክፈን የጓሮውን ክፍል ለጊዜው ገባንበት። ስንወጣ ሦስት ልጆች ነበሩን።