ላሚቱ ብትሆን ኖሮ

የእፍረትን ድንበር ማን እንዳሰመረው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጥርሱን ያመመው ሰው መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ያሳያችኋል። ሆዱን ያመመውማ ሳትጠይቁት ከነዝርዝሩ ይነግራችኋል። ወሬው ጡት ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት እንጀምራለን። ሕፃን በአደባባይ የምናጠባ ሰዎች መሆናችንን ልብ በሉልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በቀደም የአሥረኛ ክፍል ሴቶችን ሰብስቤ ጡትን በራስ እጅ ስለ መፈተሽ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ወንዶቹን ለኳስ አሰናብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ «ራሷን ፈትሻ የምታውቅ አለች?» አልኩ። ነጠላ ያላት በነጠላዋ፣ የሌላት በደብተሯ ፊቷን ሸፈነች። ስለ ጡት ካንሰሩስ ሰምተዋል። አንዷ የአሮጊቶች ነው አለች፣ ሌላዋ የከተማ ሰው ነው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ነካክተው ካልቀሰቀሱት አይነሳም ብላ አስጠነቀቀችኝ።

የጣት አዳሰሱን ላሳይ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣልኩና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ከኋላ ሰርክዓለም እጇን አወጣች። ከገጠር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ይሄማ የላም ነው» አለች። «ጧት ከማለባችን በፊት ግቷን እንዳስሳለን። ጠጠር ያለ ነገር ካገኘን አባዬ ያንኑ ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ይነዳታል። እናቴ ናት ያሳየችኝ።»

ሳቁ ቆመ። ለካ ግማሹ ክፍል ያውቀዋል! የቀረውን ትምህርት የሰጠችው ሰርክዓለም ናት። እኔ የጨመርኩት ቢኖር፣ ፍተሻው የወር አበባ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሁን፣ ደግሞም እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም የሚለውን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሰርክዓለም ከትምህርት ቀረች። በአራተኛው ቀን ከእናቷ ከእትዬ ውዴ ጋር መጣች፣ ከጎንደር ሐኪም ዘንድ ሲመለሱ ነው። የተማረችውን ለእናቷ ላሳይ ስትል እትዬ ውዴ እጇን ገፍተው አልቅሰው ኖሯል። ጡታቸው ላይ የወጣውን እብጠት ዓመት ሙሉ ደብቀውታል። አሁን ናሙና ተወስዶ ውጤት እየጠበቁ ነው። እኔም ፈራሁ።

«ምነው ዓመት ሙሉ?» አልኳቸው። መምህርነት ክፉ ነው፣ የማይጠየቀውን ያስጠይቃል።

ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ። «ላሚቱ ብትሆን ኖሮ ያንኑ ዕለት ትነዳ ነበር። እኔን ማን ይነዳኛል ብዬ?» አሉ። ልጃቸውን አዩና «ይቺ ነዳችኝ» አሉ።

ሸኝቻቸው ስመለስ ሰርክዓለም ዘወር ብላ፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ ራስዎን ፈትሸው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ቤቴ ገባሁ። በሩን ቆለፍኩ፣ መጋረጃውን ጋረድኩ፣ ቁልፉን ደግሜ ነካሁት። የምኖረው ብቻዬን ነው።