አውሮፕላኖች ሽማግሌ ላኩብኝ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ክራባቴን እንዳሰርኩ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሕልም አየሁ። በእርግጥ መተኛት አልነበረብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄን ሶስናን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ መልስ የሚሰጠው አባት ደግሞ እኔ ነኝ። ግን አዳሬ ዱባይ ነበር። ዱባይ ስል ከተማውን ማለቴ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንድ ሳንድዊች በላሁና በመጣሁበት አውሮፕላን ተመለስኩ። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ያቺ አንዲት በረራ ካልተጨመረች አየር መንገዱ ለተመላላሽ ደንበኛ የሚሰጠው ፕላቲነም ካርዴ ወደ ወርቅ ይወርዳል። እኔ የመነጽር መስታወት አስመጪ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከባለ ወርቆች ጋር አልጋፋም።

ባለቤቴ አስካለ፣ «ተው ይቅርብህ፣ ልጅህን ሊጠይቁ እኮ ነው» ብላኝ ነበር።

«እደርሳለሁ» አልኳት። ደረስኩም። ካርዱን ደረት ኪሴ ውስጥ ነካ አድርጌ፣ ዓይኔን ለአንድ አፍታ ጨፈን አደረግኩ።

ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ አደባባዩን ዞሮ ሄዷል፤ የተሰለፉት ግን አውሮፕላኖች ናቸው። ክንፋቸውን አጥፈው፣ ፓስፖርታቸውን ነክሰው ይገፋፋሉ። ፍተሻው ላይ የቆመች ልጅ «ጎማ ይውለቅ» ትላለች፤ እነሱም ጎማቸውን አውልቀው ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። አንዱ ግዙፍ አውሮፕላን ካልሲው ተቀዶ ኖሮ፣ አፍሮ ከሰልፉ ወጣ።

ደጅ ላይ ሰፈር ሙሉ ሸኚ ተሰብስቦ ያለቅሳል። የሚሸኙት ሰውዬ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። ቤቱም ከመንገዱ ማዶ ይታያል። አሮጊቶቹ አንገቱ ላይ እየተጠመጠሙ፣ «በል እንግዲህ፣ እንደገባህ ደውል» ይሉታል። ሰውዬው እንባውን እየጠረገ አስፋልቱን ተሻገረ።

አንድ ካፒቴን ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላዬ ተከተለኝ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ቦታ አያጡልኝም? መሀል መቀመጫም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ካርድ አለህ?» አልኩት።

«ወርቅ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አዘንኩለት፤ ግን ደስ አለኝ። ካርዴን አወጣሁና ደረቴን ነፍቼ ወደ ፕላቲነሞች ማረፊያ ክፍል ገባሁ።

እዚያ ትልቁ ሶፋ ላይ ማን ተቀምጣ ባገኝ ጥሩ ነው? ጎረቤታችን እትዬ ማንያህልሻል! ታክሲ ውስጥ ስትገባ የሚያቅለሸልሻት፣ ከሰፈራችን ገበያ አልፋ የማታውቅ ሴት ናት። እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታለች። አንዱ ረዳት አብራሪ የሕይወት አድን ጃኬት አጠቃቀም ወረቀቱን ይዞ ያራግብላታል።

«እትዬ ማንያህልሻል፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ነው ፕላቲነም የሆኑት?»

«ውይ ልሳኑ፣ መጣህ? እኔስ ፕላቲነምን ካለፍኩት ቆየሁ» አለችኝና ጭማቂዋን ፉት አለች።

የክፍሉ መዝጋቢ መጣ። ሰውነቱ ፍየል ነው፤ ክራባቱ ግን ከኔ ክራባት ይሻላል።

«ስንት ጊዜ ሄደዋል?» አለኝ።

«ቆጥሬ አልጨርሰውም።»

ቀስ በቀስ ሁሉም ከንፈሩን መምጠጥ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋችው። «ቤት የለውም እንዴ?» ሲል ሰማሁ አንዱ። ፍየሉ ካርዴን ተቀበለኝ፤ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ጫፉን ቀመስ አድርጎ ተፋው።

«እዚህ የሚቆጠረው የቀሩበት ነው» አለኝ። «ለመሄድ ተነስተው የቀሩበት። ሚዛን ላይ ይውጡ።»

ሻንጣ መመዘኛው ላይ ወጣሁ። እኔ ቀላል ሰው አይደለሁም፤ አስካለ በልብስ ሰፊው ፊት ደጋግማ ነግራኛለች። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ፍየሉ አንገቴ ላይ የሻንጣ ወረቀት አሰረልኝ።

«ይሄ ሰውዬ ሲዞር ይኑር» ብሎ ፈረደ።

ሻንጣ የሚዞርበት ቀበቶ ላይ ጫኑኝ። በጎማው መጋረጃ ገባሁ፣ በሌላው ወጣሁ፤ እንደገና ገባሁ፣ እንደገና ወጣሁ። ዙሪያውን ሰው ቆሟል፤ ሁሉም የየራሱን እያነሳ ይሄዳል። እኔን የሚያነሳኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እንዲህ ስዞር ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል፤ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ልጄን የሚናገርላት አባት ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

ይሄኔ ሶስና መጣች። የሃያ ሰባት ዓመቷ ሶስና አይደለችም፤ ያኔ የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ ዩኒፎርሟ ጉልበቷ ላይ የሚቆሽሸው ሶስና ናት። በእጇ ጠመኔ ይዛለች።

«አባዬ አንድ ቀን ሳይሄድ ቀርቷል» አለችው ፍየሉን።

«ምስክር አለሽ?»

«እኔ ነኛ። ታክሲው በር ላይ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። አባዬ፣ ዛሬ አትሂድ አልኩት። ሻንጣውን አስቀመጠና ቀረ። ከዚያ በሱፉ ሰኞ ማክሰኞ ተጫወትን። ሐሙስ ላይ ወደቀ።»

«መስመር ረግጬ እንጂ አልወደቅኩም» አልኩ ከቀበቶው ላይ።

«ወድቀሃል» አለች።

ጎንበስ ብላ ሚዛኑ ላይ በጠመኔው ሰኞ ማክሰኞዋን ሠራች። ከቀበቶው ወረድኩ። በአንድ እግሬ ሰኞን ዘለልኩ፤ ማክሰኞን ዘለልኩ። ሚዛኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐሙስን ተሻገርኩ፤ አልወደቅኩም። ቅዳሜ ላይ ስደርስ ቁጥሮቹ ከሚዛኑ ዘለው ወጡና ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ደጅ የተሰለፉት አውሮፕላኖች ክንፋቸውን አጨበጨቡ። እትዬ ማንያህልሻል እልል አለችና ከሶፋዋ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችልኝ። በድምፅ ማጉያው፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ አቶ ልሳኑ አንድ ቀን ቀርተዋል» ተባለ። ፍየሉ ካርዴን በክራባቱ ወልውሎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። እኔም ደረት ኪሴ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

ሶፋው የኛው ቤት ሶፋ ሆነ። ሶስና ጭኔ ላይ ነበረች። በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። መሪያቸው ጋቢ የደረበ፣ ከዘራ የያዘ የድሮ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ሁለተኛው ወፍራም የጭነት አውሮፕላን፣ በሩን ያለፈው በጎኑ ነው። ሦስተኛው ሄሊኮፕተር ሲሆን አስካለ የሰቀለችውን መጋረጃ ሁሉ አተራመሰው።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ባለ ፕሮፔለሩ። ደንቡን ያውቃል። «አንድ አዲስ አውሮፕላን ልጅ አለን። ከልጅዎ በቀር ማንንም አልጭንም ብሎ ምግብም ነዳጅም እምቢ ካለ ሰነበተ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ዘሩ ማን ነው?» አልኩ። «እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ።»

ባለ ፕሮፔለሩ ከአባት ወደ አያት እያለ ወደ ኋላ ቆጠረ፤ መጨረሻው ላይ አንድ ልጅ ከደብተሩ ገንጥሎ ያጠፋት የወረቀት አውሮፕላን ላይ አረፈ። ጥሩ ዘር ነው። ግን አልቸኮልኩም። ካርዴን ከኪሴ አውጥቼ ሶስና መዳፍ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ተናገርኩ። ሰው ፊት እንዲያ ረግቼ ተናግሬ አላውቅም።

«ይህች ልጅ ሰልፍ አትቆምም። ሻንጣዋን ብቻዋን አትሸከምም። መስኮቱ የሷ ነው። ሲበርዳት ሳትጠይቅ ብርድ ልብስ ይመጣላታል። ስትናገር ሞተሩ ይጥፋ፤ ጫጫታ መሀል እየጮኸች አትኖርም። ቤቴ መልሱኝ ካለች ደግሞ መሀል ሰማይ ላይም ቢሆን ዞራችሁ ትመልሷታላችሁ። ይሄን ካልቻላችሁ በሩ ያውና።»

ሄሊኮፕተሩ አለቀሰ። የጭነት አውሮፕላኑ አፍንጫውን መሬት አስነካ። ደጅ የቆመው ሙሽራ መብራቱን ሁሉ አበራ፤ ግቢያችን በፀሐይ ላይ ፀሐይ ወጣበት። እኔ ሰማዩን ሁሉ ያሸነፍኩ መስሎኝ ከሶፋዬ ልነሳ ስል፣ እግሬን አንድ ነገር ረገጠኝ።

የአስካለ ተረከዝ ነበር። ነቃሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች ፊቴ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ የታጠፈ ጃንጥላ የያዙ፣ ክንፍ የሌላቸው ሽማግሌዎች። ሰዓቱ ዘጠኝን አልፏል። ክራባቴ ላይ ለሀጬ ወርዷል። የጓዳው መጋረጃ ገለጥ ብሎ ሶስና አፏን በእጇ ይዛ ትመለከተኛለች፤ ትሳቅ ታልቅስ ለመለየት ይቸግራል። ካርዱ ከደረት ኪሴ ወጥቶ እጄ ላይ ነው፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዘርግቼዋለሁ።

መሪያቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያንዳንዱን ቃል መዝነው ነው የተናገሩት» አለ ለጓደኞቹ። «ልጁን የሚወድ አባት ማለት ይሄ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ልሳኑ፣ ሰልፉን ተቀብለናል። ሻንጣውንም፣ መስኮቱንም፣ ብርድ ልብሱንም ተቀብለናል። መሀል ሰማይ ያሉትም የወግ አነጋገር መሆኑ ገብቶናል፤ ቤቴ ካለች ትመለሳለች። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አልሆነልንም። ልጃችን መኪና የለውም፤ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። ይጥፋ ያሉት የማን ሞተር ነው?»

አስካለ እግሬን ልትደግመኝ ተረከዟን አነሳች። ሶስናን አየኋት። ካርዱን ቀስ ብዬ ኪሴ መለስኩ።

«የኔ ነው» አልኳቸው። «ተቀመጡ።»