ዱላ ቅብብል በማኪኒ

ማኪኒ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ሣር ያጭዳል፣ ወይ ጣጣ ይፈልጋል። የእኔን ሣር ልጄ ናሆም ያጭደዋል።

የቤታችን ኢንተርኔት ፍጥነቱ ለጉድ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ዓይኔን ሳልከድን ይመለሳል። እኔ የምጠቀምበት ለመዝሙርና ለአየር ጠባይ ነው። ታዲያ ማባከን ነውር አይደለም? ሶ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬ ሪሌይ አደረግኩት። ሪሌይ ማለት የማታውቀው ሰው የላከውን ተቀብለህ ለሌላ ማቀበል ነው። ማን ምን እንዳነበበ እንዳይታወቅ፣ ነገሩ ከቤት ቤት እየዞረ ይሄዳል። የእኔ ቤት የመጨረሻው፣ መውጫ በሩ ነበር።

ባለቤቴ አስቴር፣ ጋራዥ ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድነው አለችኝ። ዱላ ቅብብል ነው አልኳት፤ ሩጫውን ማለቴ ነው። እሷ ግን ዱላውን ብቻ ይዛ ቀረች።

ችግሩ ምን መሰለህ? በር ላይ የቆመ ሰው፣ የወጣው ሁሉ የእሱ ይመስላል። አንድ ሌባ በዚሁ ቅብብል ሾልኮ የሰው የባንክ ሂሳብ ሰብሮ ኖሮ፣ ዱካው እኔ ቤት ተገኘ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት መርማሪዎች አንኳኩ። አንደኛው ከቁመቱ የተነሳ፣ እውነቴን ነው፣ ጣራችንን ያየው ጎንበስ ብሎ ነው። ቤት ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ እንውሰድ አሉ። ናሆም የሚሠራው ከቤት ነው። ኮምፒውተሩ ከሄደ እንጀራውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አስቴር ልታድነን ቀደመችኝ። በእንግሊዝኛዋ፣ ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፣ ከሰው ዱላ ይቀበልና ለሌላው ያቀብላል እንጂ አለቻቸው። የረጅሙ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

ናሆም ጠበቃ ጋ ደውሎ ስልኩን አቀበለኝ። ጠበቃዋ ሰላማዊት ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ።

«ጋሽ ታደለ፣ ዋረንት፣ የዳኛ ፈቃድ፣ ይዘዋል?»

«አልያዙም።»

«እንግዲያው አያስገቧቸው። መጣሁ። እስክደርስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ።»

«ተረትም?»

«ተረትም።»

ሰላማዊት ካለችበት ከአዲሰን ማኪኒ ምን ያህል ይፈጃል? በዝምታ ከተለካ ዓመት ከመንፈቅ። መርማሪው ከየት አገር ነዎት አለኝ። ይህን ጠይቆኝ ሳይመሽበት የተላቀቀ ሰው የለም። ዝም አልኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ሰላማዊት ደረሰች። የእኔ ቤት መውጫ በር መሆኑ ለካ ማንም በኢንተርኔት ከፍቶ የሚያየው ዝርዝር ላይ ሰፍሯል፤ በስልኳ አሳየቻቸው። ማን እንዳለፈም የሚመዘግብ ነገር የለም አለቻቸው። እናጣራለን ብለው ሄዱ። አጣርተውም፣ ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለንም አሉ። አንድ ኬብል አልተነካም።

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ፤ አቀባይም አይያዝ ብዬ ፎከርኩ። ሰላማዊት ሳቀች። «ዳኛ ፈርሞላቸው ቢሆን ኖሮ ጠራርገው ይወስዱት ነበር ጋሼ። መውጫ በርዎን ከቤትዎ ያውጡት፤ ከፈለጉ መሀል ላይ ሆነው ያቀብሉ።» እሺ አልኩ። መሀል ላይ ያለን ማን ያንኳኳል?

እሁድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ፖሊስን በዝምታ እንዴት እንደረታሁ ተረኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እኔ ገና በር ከማንኳኳታቸው አልደረስኩም። አስቴር ሰላማዊትን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«የኔ ልጅ፣ ያንን ትእዛዝ በየሳምንቱ ልትሰጭው አትችይም?»