«ጎበዝ!» የምትለው ማሽን

ሙገሳ የማይወድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እኛ ሐበሾችማ «አንበሳው!» ካሉን የሰው ድንኳን ስንተክል ውለን ሳንበላ ብንመለስም ቅር አይለንም። ግን ሙገሳው ከሰው አፍ ሲወጣ ነበር። ዳንደኖንግ የሚባል የፈረንጅ ከተማ የምግብ መጋዘን ስንቀጠር ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፉብንና የማናያት ሴትዮ ትነዳን ጀመር። «ወደ ቀኝ። ሦስት ካርቶን አንሳ።» ስናነሳ፣ «ጎበዝ!» ስንዘገይ ደግሞ ዝም ትላለች፤ ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ስማችንን ያቀላዋል። እመኑኝ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ስማቸው እንዳይቀላ ሽንታቸውን ይዘው ሲሮጡ አይቻለሁ።

አንድ ጠዋት አብራን የምትሠራው አልማዝ፣ ያውም ነፍሰ ጡር፣ መደርደሪያው ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከወዲያ ጫፍ እየሮጥኩ ስመጣ፣ በፍጥነቱ የታወቀው ባልደረባችን ጋሪውን በዙሪያዋ አዙሮ አለፈ። በጥንቃቄ ነው ታዲያ! የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የነበረው ማዳመጫ ሳይመጣ ነው።

በዕድሜ ትልቃችን ጋሼ ሰይፉ ግን ማዳመጫቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጃኬታቸውን አንተርሰው ፊቷን በውሃ ያብሱላት ጀመር። አለቃችን ሲሮጥ መጣ። ተመስገን አልን። ለካ የመጣው የጋሼ ስም ስለቀላ ነው!

«ለምን ቆምክ?» አላቸው። እንግሊዝኛ አንቱ አያውቅም።

«ሰው ወድቆ ነዋ!»

«እሱማ ልክ ነው፤ ግን መጀመሪያ የዕረፍቱን፣ ብሬክ የሚለውን መጫን ነበረብህ።»

ጋሼ ማዳመጫውን እጁ ላይ አኖሩለትና፣ በአማርኛ፣ «እንካ፣ አንተን ታመስግንህ» አሉት። አልማዝን ደግፈን በመኪናቸው ሐኪም ቤት አደረስናት። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ጽንሱም ተረፉ።

ዓርብ ዕለት ስክሪኑ ባለጋሪውን «የሳምንቱ ጀግና» ብሎ አወጣው። ጋሼ ስልክ ላይ ደግሞ የሥራ ተራ የሚነግረው የሺፍት መልእክት መምጣቱ ቀረ። ያባረራቸው ሰው የለም። አለቃውን ቢጠይቁት፣ «እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው።» የቀጠራቸው ኤጀንሲ ጋ ቢደውሉ፣ «ሲስተሙ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አገኘኋቸው።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ሥራ ይገኛል። የቆጨኝ ሌላ ነው። አገር ቤት ያባረረኝን አለቃ በስሙ ጠርቼ ረግሜው፣ ወጥቶልኝ ነው የተኛሁት። አሁን ማንን ልርገም?»

ወዲያው የቆሙበት ትዝ አላቸውና አማተቡ።