ባርኮድ የሌለው ካርቶን

ያለ ቅናሽ ዕቃ የገዛን ሰው እንደ ሞኝ የሚያይ ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር አካላ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የኢኮኖሚክስ ምሁር ናቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ሁለታችንም አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ገዛን። የካርቶኑን ባርኮድ ቆርጦ በፖስታ ለፋብሪካው ለላከ አምስት መቶ ክሮና ይመለስለታል ተባለ።

"ከሚመልሱት መጀመሪያውኑ ለምን አይቀንሱትም?" ብላቸው፣ "ኢኮኖሚክስ አልተማርክማ!" አሉኝ።

እሳቸው ቆርጠው ላኩ። እኔ ሰነፉ ካርቶኔን እንዳለ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። አበሻ ቤት ካርቶን ይጣላል እንዴ?

በሳምንቱ የጋሽ ደምሴ ቴሌቪዥን ጨለመ። ከነካርቶኑ ተሸክመው በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሱቁ ወሰዱት። ሻጩ በተቆረጠው ቀዳዳ አሻግሮ አያቸውና፣ "ካርቶኑ ሙሉ ካልሆነ አንቀበልም" አላቸው።

"ቁረጡ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?"

"እሱ ፋብሪካው ነው፤ እኛ ሱቅ ነን።"

እዚያው ቆመው ደወሉልኝ።

"ያ ካርቶንህ አለ?"

"አለ፣ ጋሼ።"

"በል አውሰኝ።"

"የእኔስ ነገ ቢጨልም?" አልኳቸው። እሳቸውም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ይኸው እስከ ዛሬ አምስት መቶውም እሳቸው ቤት አልደረሰም፣ እሳቸውም እኔ ቤት አልደረሱም።