ለድንጋይ የተላከ ሽማግሌ

በዚህ ዓለም ላይ ከአማት የከበደ ነገር የለም የሚል ወንድ ካጋጠማችሁ፣ አማቱ ድንጋይ አሸክመውት አያውቁም ማለት ነው። እኔን ጠይቁኝ! ሁለቱንም ሸክም አውቃቸዋለሁ።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። ተከዜ ገደል አፋፍ ላይ ካለችው መንደራችን ተነስተን ወደ ሱዳን ስንሰደድ፣ አማቴ እማማ ስንዱ አንዲት ቋጠሮ አቀበሉኝ። "ይቺን አንተ ያዝልኝ፤ ሌላ ሰው አላምንም" አሉኝ። ቋጠሮዋ ትከብዳለች። እኔም ደስ አለኝ! በዚያ ዘመን የከበደች ቋጠሮ ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ? በሶ ናት። በሶ ካልሆነች ሽምብራ ናት... የአማት ቋጠሮ ደግሞ አይፈታም፤ ነውር ነው። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ በሶውን ስበጠብጠው፣ ማር ጠብ ሳደርግበት፣ ሆዴ ሲጮህ ቋጠሮዋን ስደባብስ ከረምሁ። ባለቤቴ "ምነው እንደ ሕፃን አቀፍካት?" ስትለኝ፣ "የናትሽ አደራ አይደለች?" እላታለሁ። እንዴት ያለሁ የተባረክሁ አማች!

ሱዳን ድንበር ላይ ሐምዳይት ደርሰን አረፍ ስንል እማማ ስንዱ ቋጠሮዋን ተቀብለው ፈቱ። ምራቄን ውጬ ጠጋ አልሁ። ድንጋይ! የሕፃን ራስ የሚያክል፣ እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ሸንተረር ሸንተረር ያለው ነጫጭባ ድንጋይ...

"እማማ... ይሄ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነዋ! ዓይንህን አመመህ?"

እናንተዬ፣ ስድብ እኮ አውቃለሁ። ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ስመላለስ በሁለት ቋንቋ ተምሬዋለሁ። ለአማት የሚሆን ስድብ ግን በአማርኛም በዐረብኛም አልተሠራም። የማውቀውን ዋጥ አደረግሁት። ያን ቀን ሌላ የዋጥሁት ነገር አልነበረም።

ገዳሪፍ አጠገብ መጠለያ ገብተን ድንኳን ስንቀበል ድንጋዩም ሥራ አገኘ። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቁጥር የድንኳኑን መጋረጃ ተጭኖ ይይዛል። እኔም ሥራ አገኘሁ፤ በሰሊጥ አጨዳ ዐረብኛዬ ለጉድጓድ ቆፋሪዎች አስተርጓሚ ሆንሁ። አለቃችን ኡስታዝ ኡስማን ይባላል፤ ከካርቱም የመጣ ጂኦሎጂስት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽሩ ክንድ በሽቦ የታሰረ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ነው። አፈር ቀምሶ "እዚህ ውሃ አለ" ይላል። ስንቆፍር አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴም ቀምሶት ይቀራል።

አንድ ጠዋት ሊጠራኝ ወደ ድንኳናችን መጣ። እማማ ስንዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ኡስማን እሳቸው ጋ ሲደርስ ድንገት በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ!

"ኧረ ተነሥ ልጄ፣ በሞቴ ተነሥ!" አሉ እማማ፣ ማሽላው ተበተነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አየህ አስተዳደግ? ተማር!" አሉኝ።

የተንበረከከው ለድንጋዩ ነበር። "ያ ሰላም! አሞናይት! ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አሞናይት እኮ ነው!" ይላል፣ ሸንተረሩን በጣቱ እየተከተለ። እቅፍ አድርጎ ያነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ያነሣዋል። በመጨረሻ፣ "ሐጃን ጠይቅልኝ፤ ለዩኒቨርሲቲያችን ይስጡኝ፤ ብዙ ተማሪ ይማርበታል" አለኝ።

ተረጎምሁ። እማማ ስንዱ መጀመሪያ፣ "ሐጃ ብሎ የሚጠራኝ መካ መቼ ሄጄ ነው? እኔ ላሊበላ ነው የተሳለምሁ" አሉ። ቀጥለው ድንጋዩን ወደ ቀሚሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! አልሰጥም በለው። ይሄ የቤቴ ደጃፍ መድረክ ነው። ስወጣ በዶማ ነቅዬ ነው የያዝሁት። ቦታው እዚያ ክፍት ሆኖ እየጠበቀኝ ነው። ይሄን ከሰጠሁማ አልመለስም ማለቴ አይደል?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምሁት የመመለሻችንን መያዣ ኖሯል። ለካ እኔ በሶ በሶ ስል እሳቸው አገር አገር ይሉ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፣ ጎረቤታችን ቄስ መርሻ ባይኖሩ። ቄስ መርሻ በረሃብ ቀን እንኳ ጨዋታ ያልነጠፈባቸው ሰው ናቸው። "ወይ ጉድ! እንዲህ መንገድ ላይ ተይዞ የሚጠየቅ ልጅ አለ እንዴ? ሽማግሌ ይላክ እንጂ!" አሉ እየሳቁ። እኔ ሞኙ ደግሞ ቀልዱን አንድ ሳላስቀር ለኡስማን ተረጎምሁለት። ኡስማን አልሳቀም። በጥሞና ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በማግስቱ እንደ በረዶ የነጣ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ሽቶ ተቀብቶ ከች! "ሽማግሌዎቹ የት አሉ?" አለኝ።

እንግዲህ ሥዕሉ ይታያችሁ... እኔ፣ ቄስ መርሻና አንድ የካርቱም ጂኦሎጂስት፣ እኔው በማድርበት ድንኳን ደጃፍ ላይ ተሰልፈን ቆመናል። ቀረብ ብዬ "ቤቶች!" አልሁ። ባለቤቴ ብቅ አለች። "ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ!" አለችኝ። "ዝም በይ፣ ሽማግሌ ነኝ!" አልኋት።

እማማ ስንዱ ግን ወግ ያውቃሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድንጋዩን ከጀርባቸው አስቀምጠው፣ እኔን እንደማያውቁኝ ሰው ሆነው ተቀበሉን። "ተቀመጡ።"

"መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ ቄስ መርሻ በወጉ መሠረት። "ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጥተናል።"

"የማን ልጅ ነው ልጁ?"

ኡስማን አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጠረ። ሱዳን በዘር ቆጠራ አይታማም፤ ባናስቆመው ኖሮ እስካሁን እየቆጠረ ነበር።

"የእሱስ ይሁን" አሉ እማማ። "የልጄንስ ዘር ያውቃል? የማያውቃትን ሊያገባ ነው እንዴ የመጣው?"

ኡስማን ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። "እሷ ድንጋይ ብቻ አይደለችም፤ የእንስሳ ቤት ነበረች" አለ። "ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት በባህር ውስጥ የምትዋኝ፣ እጀ ብዙ እንስሳ ነበረች። ስትሞት ባህሩ ወለል ላይ ጭቃ ዋጣት፤ ጭቃው የኖራ ድንጋይ ሆነ፤ እሷም አብራ ድንጋይ ሆነች።"

"የምን ባህር?" አሉ እማማ።

"የእናንተ አገር ባህር ነበር።"

ተረጎምሁት። ውሃ ጠፍቶ፣ ከብት አልቆ፣ ሰው መንገድ ላይ ቀብረን የመጣን ሰዎች ነን። እማማ ስንዱ ፊታቸውን አዙረው ድንጋዩን ከጀርባቸው ሳብ አደረጉት። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። በኋላ ግን፣ "ዘመድ ልማከርበት። ሌላ ቀን ተመለሱ" አሉና ሸኙን። ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ እንደማይባል ለኡስማን ነገርነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉት ቄስ መርሻ፤ ይሄን ለመተርጎም ደግሞ ላቤ ጠብ አለ።

ስንመለስ ምን ቢጠብቀን ጥሩ ነው? የሰፈሩ ሰው በሙሉ! አማቴ የተማከሩት ዘመድ መጠለያውን ያህል ኖሯል። ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ያዘለች፣ የታመመ ሳይቀር ድንኳናችንን ከቦ ተቀምጧል። "ያንን የባህሩን ነገር ድገመው በለው" አሉኝ እማማ።

ኡስማን ደገመው። ከዚያ የድንጋዩን ሸንተረር እያሳየ ቀጠለ። እንስሳዋ ባደገች ቁጥር ፊት ለፊት አዲስ ክፍል ትሠራለች፤ የጀርባዋን ትዘጋና አየር ሞልታ ትንሳፈፍበታለች፤ የምትኖረው በመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ነው።

"ያ ሁሉ ክፍል ተዘግቶ?" አሉ እማማ ድንኳኑን እየገረመሙ። "እኛ እዚህ ተደራርበን! አንዱን ብታከራየን ምን ነበረበት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከወጣን ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ኡስማን ለምን እንደፈለጋት ሲጠየቅ ግን ኮስተር አለ። የእሷ ወገኖች በየዘመኑ መልካቸው ቶሎ ቶሎ ይለወጥ ነበር፤ በሩቅ ሩቅ ባህርም ተበትነው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ አንዷን ገደል ውስጥ ያገኘ ሰው የገደሉን ዘመን ያውቃል፤ የእናንተን ገደል ከባህር ማዶ ገደል ጋር አስተያይቶ "እነዚህ እኩያ ናቸው" ይላል። "ከየት ገደል፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣች ካልታወቀ ግን ዲዳ ናት" አለ።

"ዲዳ አይደለችም፣ እኔ አለሁላት!" አሉ እማማ ስንዱ። ገደሉን፣ ምንጩን፣ ከቤታቸው ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ፣ ነጩ ድንጋይ ከጥቁሩ ሥር የሚጀምርበትን ቦታ በእጃቸው አየር ላይ ሣሉለት። ኡስማን በአፉ እየደጋገመ ያዘው። ሰውም ጣልቃ እየገባ ያርማል፤ "ምንጩ በግራ ነው!"፣ "ኧረ በቀኝ ነው!" እየተባባለ ሁሉም በያለበት አገሩ ገባ። በመሐል ቄስ መርሻ ቀና ብለው፣ "እንግዲህ ባህር የነበረ አገር ዝናብ አይነሣውም" አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልደብቃችሁም፣ አለቀስሁ።

ድንጋዩስ? "ሌላ ቀን ተመለሱ!" ምን ያድርጉ፣ ሰውየው ከሄደ ማን ስለ አገራቸው ሊያወራላቸው ነው? ኡስማንም ሽቶውን እየተቀባ ይመላለሳል። እንዲያውም አንድ ቀን መምጣት ሲያቅተው፣ እማማ ራሳቸው ከቧቸው ለተቀመጠው ሰው አሞናይትን ሲያስተምሩ ሰማሁ። የኡስማን ትምህርት ላይ ትንሽ ጨምረውበታል፤ እንስሳዋ ጾም ትጾም ነበር አሉ።

ክረምቱ ሲቃረብ አገር ቤት ዝናብ ጣለ የሚል ወሬ መጣ። ሰው ዘር አገኝ እንደሆን እያለ ወደ ድንበር መመለስ ጀመረ። የመጀመሪያው ሎሪ ላይ ማን ቀድሞ ወጣ? እማማ ስንዱ! ድንጋያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከቄስ መርሻ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔና ባለቤቴ ዕቃ እየጫንን ሳለ ኡስማን ሊሰናበት እየሮጠ መጣ። ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዓይኑ ግን ከድንጋዩ አልተነቀለም።

"ና ወዲህ" አሉት። "ውሰዳት።"

"እማማ!" አልሁ እኔ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ እምቢ ብለው?"

"እስከ ዛሬ የመመለሻ ተስፋዬ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ሎሪው መጣ። ለመድረኩ ገደሉ ሙሉ ድንጋይ አይደል እንዴ፣ ሌላ እነቅላለሁ።"

ኡስማን ድንጋዩን ተቀብሎ እንደ ሙሽራ አቀፈው። እማማ ግን ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ቆይ! ጋብቻ ነው ካላችሁ መልስ አለው። እቤቴ ድረስ ይዟት ይምጣ በለው።"

"መልስ ምንድን ነው?" አለኝ ኡስማን።

"ሙሽራዋን ይዘህ አማትህ ቤት ሄደህ፣ ሆድህ እስኪወጠር የምትበላበት ቀን ነው" አልሁት።

ኡስማን ቀና ብሎ አማቴን አያቸው። ከአጥንት በቀር ምንም የላቸውም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። "ኢንሻአላህ፣ መጥቼ እበላለሁ" አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ እማማ፣ እኛም ወጥተን ሎሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር።

"መጥቼ እበላለሁ አለ።"

"መብላቱንማ ይበላል፣ ምን ያስጠይቃል! ይልቅ ስንት ሆነው እንደሚመጡ ጠይቅልኝ!"